ሁለት መሠዊያ በአንድ ቤት
ስለ ጀርማናውያን ሕዝቦች የቀድሞ አማልክትና ስለ ልብ መመለስ የሚናገር ትምህርት

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፤ የእንግሊዝን ቋንቋ የሚማር ልጅ አስቀድሞ ከሚያጠናው ነገር አንዱ የሰባቱ ዕለታት ስም ነው። ማክሰኞን ቱስዴይ፥ ረቡዕን ዌንስዴይ፥ ሐሙስን ተርስዴይ፥ ዓርብን ፍራይዴይ ብሎ ይጠራል። ነገር ግን እነዚህ የማን ስሞች እንደ ሆኑ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። አራቱም የአማልክት ስሞች ናቸው፤ ይኸውም የቲው ቀን፥ የዎደን ቀን፥ የቶር ቀን፥ የፍሪግ ቀን ማለት ነው። የእንግሊዝ ሰዎች ለእነዚህ አማልክት መስገድን ከተዉ ከ1000 ዓመት በላይ ሆኖአቸዋል፤ ስማቸው ግን እስከ ዛሬ ድረስ በአፋቸው ይኖራል።

የስም መቅረት ብቻውን ነውር የለበትም፤ ስም ድምፅ ነውና። ነገር ግን ከስሙ ጋራ የቀድሞው ልብ የቀረ እንደ ሆነ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ በዚህ ትምህርት እነዚህ አማልክት እነማን እንደ ነበሩ፥ ሰዎች ከእነርሱ ምን ይፈልጉ እንደ ነበረ፥ በምንስ መንገድ እንደ ተዉአቸው በተራ እንመረምራለን። የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ ክፍል፤ ሕዝቦቹና የአምልኮአቸው ሥርዓት

ጀርማናውያን ስንል ዛሬ በጀርመን አገር የሚኖሩትን ብቻ ማለታችን አይደለም። የእንግሊዝ፥ የዴንማርክ፥ የስዊድን፥ የኖርዌይና የአይስላንድ ሰዎች አባቶች፥ ደግሞም ጎታውያን፥ ፍራንካውያንና ሳክሶናውያን የተባሉት ነገዶች በቋንቋ ዘመዳሞች ነበሩ፤ አምልኮአቸውም እንደ አገሩና እንደ ዘመኑ ቢለያይም በብዙ ነገር ይመሳሰል ነበር።

ስለ እነርሱ በሰፊው ከጻፉት ከጥንት ሰዎች ዋነኛው ታሲቱስ የተባለ ሮማዊ ነው፤ መጽሐፉንም በ98 ጻፈ። እርሱ እንደሚናገረው ጀርማናውያን አማልክቶቻቸውን በግንብ ውስጥ መዝጋት ለክብራቸው የማይገባ ነው ብለው፥ የዛፍ ደኖችን ቀድሰው በዚያ ያመልኩ ነበር። የሚመጣውን ነገር ለማወቅ ሲፈልጉ ፍሬ ከሚሰጥ ዛፍ ቅርንጫፍ ቈርጠው፥ ስንጥሮቹን ምልክት አድርገውባቸው፥ በነጭ ጨርቅ ላይ በትነው ዕጣ ያነሡ ነበር። ደግሞ በደኑ ውስጥ ሥራ የማይሠሩ ነጫጭ ፈረሶች ይቀለቡ ነበር፤ ካህኑና ንጉሡም የፈረሶቹን ማሽካካት እንደ አማልክት ቃል ያደምጡ ነበር።

ይኸው ጸሐፊ ኔርቱስ ስለ ተባለች የምድር እናት የሚከተለውን ይተርካል። በባሕር መካከል ባለ ደሴት፥ በተቀደሰ ደን ውስጥ፥ በጨርቅ የተሸፈነ ሠረገላ ነበራት። ላሞች እየሳቡት በሕዝቡ መካከል ሲዞር ጦርነት ይቀራል፥ የብረት መሣሪያም ሁሉ ይቈለፍበታል፥ ደስታም ይሆናል። ወደ ስፍራዋ በተመለሰች ጊዜ ግን ሠረገላውንና አማልክቲቱን በስውር ሐይቅ የሚያጥቡት ባሮች ወዲያው በዚያው ውኃ ውስጥ ይሰጥሙ ነበር። አንባቢ ሆይ፤ ይህን ልብ አድርግ፤ የጥቂት ቀን ሰላም ዋጋው የባሮች ነፍስ ነበረ።

ስለ አማልክቱ የምናውቀው ተረት አብዛኛው የተጻፈው ግን በኋላ ዘመን በአይስላንድ ደሴት ነው። ስኖሪ ስቱርሉሶን የተባለው ታላቅ ጸሐፊ መጽሐፉን የጻፈው በ1220 ገደማ ሲሆን፥ እርሱም ክርስቲያን ነበረ፤ አገሩ የቀድሞውን አምልኮ ከተወች 200 ዓመት አልፎአት ነበር። ስለዚህ የምንሰማው ሁሉ ከአምላኪዎቹ አፍ ሳይሆን ከጎረቤት ወይም ከልጅ ልጅ አፍ መሆኑን እያሰብን በጥንቃቄ ልንሰማው ይገባል።

ሁለተኛ ክፍል፤ አማልክቱ እነማን ነበሩ

በእንግሊዝ ዎደን፥ በሰሜን አገር ኦዲን የተባለው የአማልክት አለቃ ነበረ። የጦርነት፥ የሙታን፥ የአስማትና የግጥም ጌታ ይባል ነበር። ጥበብን እጅግ ከመፈለጉ የተነሣ ከሚሚር ምንጭ ይጠጣ ዘንድ አንድ ዓይኑን ሰጠ፤ ሩን የተባሉትንም ፊደላት ምሥጢር ለማግኘት በጦር ተወግቶ ዘጠኝ ሌሊት በዛፍ ላይ ተሰቀለ ይላሉ። ሁለት ቁራዎች በየቀኑ ዓለምን ዞረው ወሬ ያመጡለታል። በጦርነት ከሞቱት ጀግኖች የመረጣቸውን ቫልሃላ ወደሚባል አዳራሹ ይሰበስባል። ነገር ግን ይህ አምላክ የማይታመን ነበረ። ዛሬ ድል የሰጠውን ሰው ነገ ለጠላት አሳልፎ ይሰጠዋል፤ ለመጨረሻው ጦርነት የሞቱ ጀግኖች ያስፈልጉታልና።

ቶር፥ በጀርመን ዶናር የተባለው፥ የነጐድጓድ አምላክ ነበረ። ሁለት ፍየሎች በሚስቡት ሠረገላ ይሄዳል፤ በመዶሻውም የሰውንና የአማልክትን ጠላቶች፥ ግዙፋኑን ይመታል። ኦዲን ለነገሥታትና ለባለ ቅኔዎች ሲሆን፥ ቶር ግን ለገበሬው ቅርብ ነበረ። ብዙ ሰው ትንሽ የመዶሻ ምስል በአንገቱ ያስር ነበር።

ፍሬይና እኅቱ ፍሬያ የመከር፥ የከብት፥ የጋብቻና የልጅ መውለድ አማልክት ይባሉ ነበር። ፍሪግ የኦዲን ሚስት ነበረች። ልጅዋ ባልደር ከአማልክት ሁሉ የተወደደና ያማረ ነበረ። እርሱን እንዳይጎዱት ፍሪግ ፍጥረትን ሁሉ አስማለች፤ ነገር ግን በሌላ ዛፍ ላይ የምትበቅለውን ትንሽ ተቀጽላ ገና ለጋ ናት ብላ ሳታስምላት ቀረች። ተንኰለኛው ሎኪ ያችኑ ተቀጽላ ለዕውሩ ለሆዱር ሰጠው፤ ዕውሩም ሳያውቅ ወርውሮ ወንድሙን ገደለ። አማልክቱ ሁሉ አለቀሱ፤ ከሙታን አገር ሊመልሱት ግን አልቻሉም።

የቲው ታሪክ ለትምህርታችን ይጠቅማል። በሰሜን ቲር ይሉታል። አማልክቱ ፌንሪር የተባለውን ተኵላ ፈርተው ሊያስሩት ወደዱ፤ ለጨዋታ ነው፥ ኋላ እንፈታሃለን ብለውም አታለሉት። ተኵላው ግን ጠርጥሮ፥ ለእውነተኛነታችሁ መያዣ ከእናንተ አንዱ እጁን በአፌ ያግባ አለ። ከቲር በቀር የደፈረ አልተገኘም። ተኵላው ታስሮ እንደማይፈቱት ባወቀ ጊዜ እጁን ቈረጠው። ቲር ደፋር መሆኑን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን የአማልክቱ ደኅንነት በሐሰት መሐላ ላይ የቆመ ነበረ።

ፍጻሜያቸውም ሞት ነው። ራግናሮክ በሚባለው በመጨረሻው ቀን ተኵላው እስራቱን ፈትቶ ኦዲንን ይውጠዋል፤ ቶርም ታላቁን እባብ ገድሎ ዘጠኝ እርምጃ ከሄደ በኋላ በመርዙ ይሞታል፤ ምድርም በባሕር ውስጥ ትሰጥማለች፥ ኋላም ለምልማ ትወጣለች ይላሉ። አማልክቱ ራሳቸው ከዕድል በታች ነበሩ። ሰዎቹ ይህን እያወቁ ሳይፈሩ ወደ ጦርነት መሄዳቸው ታላቅ ድፍረት ነው። እንግዳን ይቀበሉ ነበር፤ ለጌታቸው ያላቸው ታማኝነትም ብርቱ ነበረ። ይህን መልካም ነገር መካድ አይገባንም።

ሦስተኛ ክፍል፤ ሰዎቹ ከአማልክቱ ምን ይፈልጉ ነበር

የአምልኮው መሠረት መስጠትና መቀበል ነበረ። ገበሬው ለመከር፥ ንጉሡ ለድል፥ መርከበኛው ለነፋስ ይሠዋ ነበር፤ ሰጥቻለሁና ስጠኝ የሚል ነበረ። አዳም የተባለ የብሬመን ካህን በ1075 ገደማ ስለ ስዊድን ሲጽፍ፥ በኡፕሳላ በዘጠኝ በዘጠኝ ዓመት ታላቅ በዓል እንደሚደረግ፥ ከወንድ ፍጥረት ሁሉ ዘጠኝ ዘጠኝ እንደሚሠዋ፥ የሰውና የእንስሳም ሬሳ በደኑ ዛፎች ላይ እንደሚሰቀል ይናገራል። እርሱ ከሌሎች ሰምቶ የጻፈው እንጂ በዓይኑ ያየው አይደለም። ነገር ግን የሰው መሥዋዕት እንደ ነበረ ታሲቱስም ከ900 ዓመት በላይ አስቀድሞ መስክሮአል።

እንዲህ ያለ አምልኮ አምላኩ ያልከፈለ እንደ ሆነ ይፈርሳል። ቤዳ የተባለው እንግሊዛዊ መነኵሴ በ731 በጨረሰው ታሪኩ የኖርተምብሪያ ንጉሥ ኤድዊን አዲሱን ሃይማኖት ለመቀበል ከመኳንንቱ ጋራ እንደ ተማከረ ይተርካል። የጣዖቱ ካህን ኮይፊ አስቀድሞ ተናገረ፤ አሳቡም፥ አማልክቱን ከእኔ ይልቅ ተግቶ ያገለገለ የለም፥ ከንጉሡ ግን ከእኔ ይልቅ ሹመትና ስጦታ ያገኙ ብዙዎች ናቸው፥ እንግዲህ አማልክቱ አይጠቅሙም የሚል ነበረ። ከዚያም ለካህን የተከለከለውን የጦር መሣሪያ ይዞ በንጉሡ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ሄዶ የጣዖቱን ቤት በጦር ወጋው።

ከመኳንንቱ አንዱ ግን ሌላ ነገር ተናገረ። በክረምት ሌሊት ከጨለማ ወጥታ በሞቀው አዳራሽ በአንዱ በር ገብታ በሌላው በር የምትወጣውን ድንቢጥ አስታወሳቸው፤ የሰው ዕድሜም እንዲሁ ነው፥ ከፊቱ ምን እንደ ነበረ፥ ከኋላውም ምን እንደሚመጣ አናውቅም፥ ይህ ትምህርት ስለዚህ የሚያስረዳን ከሆነ እንስማው አለ። ኤድዊንም በ627 በፋሲካ ዕለት ተጠመቀ።

ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴ ሆይ፤ እነዚህን ሁለት ሰዎች መዝኑአቸው። ሁለቱም አማልክቱን ተዉ። ኮይፊ የተወው ትርፍ ስላጣ ነው፤ ሌላው ግን እውነትን ስለ ፈለገ ነው። ትርፍ ስላጣ አንድን አምላክ የጣለ ሰው፥ በሌላው ቀን ትርፍ ያጣ እንደ ሆነ አዲሱንም ይጥላል።

አራተኛ ክፍል፤ ሁለቱ መሠዊያዎች

በዚያው በኤድዊን ዘመን ሬድዋልድ የሚባል የምሥራቅ አንግሊያ ንጉሥ ነበረ። በኬንት አገር ተጠመቀ፤ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን ሚስቱና አማካሪዎቹ አሳቡን ለወጡት። እርሱም ሁለቱንም ላለማስቀየም በአንድ ቤተ መቅደስ ውስጥ ሁለት መሠዊያ አቆመ፤ አንዱ ለክርስቶስ፥ ሌላው ለቀድሞዎቹ አማልክት። ስለ አይስላንድ መሥራቾች በሚናገረው መጽሐፍም ስለ ቀጭኑ ሄልጊ ተጽፎአል፤ በክርስቶስ ያምን ነበር፥ በባሕር ጉዞና በጭንቅ ጊዜ ግን ወደ ቶር ይለምን ነበር። በዴንማርክም በ10ኛው መቶ ዓመት አንጥረኛ ብር ያፈስበት የነበረ የድንጋይ ቅርጽ ተገኝቶአል፤ በአንዱ ድንጋይ ላይ የመስቀልም የመዶሻም ቅርጽ ተቀርጾበታል። አንጥረኛው ለመጣው ገዢ ሁሉ የፈለገውን ይሸጥለት ነበር።

እነዚህ ሰዎች ክርስቶስን ጠልተው አልነበረም። በቍጥር ላይ ጨመሩት እንጂ። የቀድሞው ልብ፥ ይኸውም የገበያ ልብ፥ ሳይነካ ቀረ።

አምስተኛ ክፍል፤ ሰይፍ ልብን ይለውጣልን

አንዳንድ ነገሥታት ይህን በኃይል ሊያጠፉት አሰቡ። የፍራንካውያን ንጉሥ ታላቁ ካርሎስ በ772 በሳክሶናውያን ላይ ተነሣ፤ ኢርሚንሱል የተባለውንም የተቀደሰ ምሰሶአቸውን አጠፋ። ጦርነቱ እስከ 804 ቆየ። በ782 በፈርደን ከተማ 4500 ሳክሶናውያን በአንድ ቀን አንገታቸው እንደ ተቈረጠ የመንግሥቱ ዜና መዋዕል ይናገራል። ከዚህም በኋላ መጠመቅን እንቢ ያለ፥ ወይም ሃይማኖትን ንቆ በጾም ሥጋ የበላ፥ ወይም ሬሳን በእሳት ያቃጠለ ይሙት የሚል ሕግ ወጣ።

ይህን ክፉ ሥራ ማንም በክርስቶስ ስም አያመካኝ። በዚያው ዘመን እንኳ የተቃወመው ክርስቲያን ነበረ። የንጉሡ መምህርና አማካሪ አልኩዊን በ796 በጻፋቸው ደብዳቤዎች፥ እምነት ከፈቃድ የሚሆን ነገር ነው፥ ሰው ወደ ጥምቀት ሊገደድ ይችላል፥ ወደ እምነት ግን ሊገደድ አይችልም፥ አስቀድሞ ማስተማር ይገባል ብሎ መከረ። በ797 የወጣው ሁለተኛው ሕግ ከፊተኛው የቀለለ ሆነ።

የተፈሰሰ ደም ግን አይረሳም። ከ1150 ዓመት በኋላ፥ በ1935፥ የሂትለር መንግሥት ሹም ሂምለር በፈርደን ለተገደሉት መታሰቢያ 4500 ድንጋዮች አስቆመ። ያደረገው ለሟቾቹ አዝኖ አይደለም፤ የጀርመንን ደም ከሌላው ሁሉ ከፍ ለማድረግና ክርስትናን ለማስጠላት ነበር። ያ መንግሥት ከጥቂት ዓመት በኋላ ሚሊዮኖችን ገደለ። እንግዲህ በሃይማኖት ስም የተመዘዘ ሰይፍ የዘራው ቂም ለሌላ ክፋት ሰበብ ሆኖ ተገኘ። ድንጋዮቹ ዛሬም ቆመዋል።

ስድስተኛ ክፍል፤ የቃል መንገድ

ሌላ መንገድም ነበረ፤ እርሱም ረጅም ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት ኡልፊላስ የሚባል ሰው ጎታውያንን አስተማረ። አያቶቹ ከቀጰዶቅያ በጎታውያን የተማረኩ ክርስቲያኖች ነበሩ። እርሱ ለማራኪዎቹ ልጆች ፊደል አዘጋጅቶ መጽሐፍ ቅዱስን በቋንቋቸው ተረጐመላቸው። ጎታውያን ያለዚያም ጦርነት ይወዳሉ ብሎ የነገሥታትን መጻሕፍት እንዳልተረጐመ ይነገራል። ስለ ወልድ ባሕርይ የያዘው ትምህርት በጉባኤ የተወገዘው የአርዮሳውያን ወገን መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሕዝብን በገዛ ቋንቋው ማስተማር የሚገባ መሆኑን አሳይቶአል። በዚያው መቶ ዓመት ወደ አክሱም እንደ ምርኮኛ የመጣው ፍሬምናጦስ የአገራችን ጳጳስ እንደ ሆነ ስናስብ፥ እግዚአብሔር ምርኮኛን መልእክተኛ ማድረጉ ያስደንቀናል።

ቦኒፋስዮስ የተባለው እንግሊዛዊም በ720ዎቹ ዓመታት በጋይስማር የነበረውን የዶናርን ዛፍ፥ በእኛ አገር ቋንቋ አድባር የምንለውን ዓይነት፥ ቈረጠ፤ በእንጨቱም የጸሎት ቤት ሠራ። ሰዎች ብዙ ጊዜ ይህን ብቻ ይተርካሉ። የዛፉ መውደቅ ግን ዶናር ደካማ መሆኑን አሳየ እንጂ የክርስቶስን ፍቅር አላስተማረም። ቦኒፋስዮስም ያለ ፍራንካውያን መስፍን ድጋፍ ሥራው እንደማይቻል ራሱ ጽፎአል። ከዛፉ ይልቅ ጳጳሱ ዳንኤል የላከለት ምክር ይበልጣል። አረመኔዎቹን አትስደብ፥ በየዋህነትም ጠይቃቸው፤ አማልክቶቻችሁ ከወንድና ከሴት ከተወለዱ ሳይወለዱ በፊት ዓለምን ማን ይገዛ ነበር? መሥዋዕታችሁስ ምን ይጠቅማቸዋል? ብለህ ልባቸው ራሱ እንዲመልስ አድርግ የሚል አሳብ ነበረው።

አይስላንድ ደግሞ በ1000 ገደማ ያለ ጦርነት ተመለሰች። ሕዝቡ በሸንጎ ተከፍሎ ሊዋጋ ሲል ፍርዱን ለቶርጌር ሰጡት፤ እርሱ ራሱ የቀድሞውን አምልኮ የያዘ ነበረ። ቀንና ሌሊት በመጐናጸፊያ ተሸፍኖ አሰበ፤ ተነሥቶም ሕግ የከፈለ ሰላምን ይከፍላል በማለት ሁሉ እንዲጠመቅ ፈረደ። ደም አልፈሰሰም። ነገር ግን በስውር መሠዋት ለጊዜው ተፈቀደ፤ ይህም የተሻረው ከዓመታት በኋላ ነው። ሸንጎ ጦርነትን ሊያስቀር ይችላል፤ ሁለተኛውን መሠዊያ ከልብ ሊያወጣ ግን አይችልም።

ሰባተኛ ክፍል፤ ከዚህ የምንማረው

ፊተኛው ነገር፤ ክርስትና የአንድ ዘር ርስት አይደለም። የአክሱም ንጉሥ ዒዛና ክርስቲያን በሆነ ጊዜ ሳክሶናውያንና ስዊድናውያን ገና ለኦዲን ይሠዉ ነበር፤ በኡፕሳላም ከ700 ዓመት ያህል በኋላ እንኳ አምልኮው አልጠፋም ነበር። ኋላ ግን ከስዊድን የወንጌል መልእክተኞች በ1866 ወደ ምጽዋ መጡ። ከቀድሞው የሳክሶናውያን አገር፥ ከሄርማንስቡርግ፥ በ1853 ወደ እኛ አገር ሰዎች የተላከችው መርከብ ስምዋ የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ ስም ነበረ፤ መንገዱ ስለ ተዘጋባት ግን ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደች። እንግዲህ አስቀድሞ የሰማ አይታበይ፤ ኋላ የሰማም አይናቅ።

ሁለተኛው፤ የሌላውን ሰው አምልኮ በስድብ አንንካ። ጳውሎስ በአቴና መሠዊያቸውን አልሰበረም፤ በእርሱ ተነሥቶ አስተማራቸው እንጂ።

ሦስተኛው፤ ከሁሉ የሚበልጠው፥ የራሳችንን ቤት እንመርምር። የሬድዋልድ ሁለተኛ መሠዊያ በቤተ መቅደስ ውስጥ የቆመ ስለ ነበረ በዓይን ይታይ ነበር። የእኛ ግን በልብ ውስጥ ሊሠራ ይችላል። ስንጸልይ የምንፈልገው እግዚአብሔርን ነው ወይስ እጁን? ሹመት፥ ጤና፥ ገንዘብ ቢቀርብን እንደ ኮይፊ ጦራችንን እናነሣለን? በሰላም ቀን ወደ ክርስቶስ፥ በጭንቅ ቀን ወደ ሌላ እንሄዳለን? እንዲህ ከሆነ የዕለታቱን ስም ያልለወጡትን ሰዎች ልንወቅስ አንችልም፤ እኛ ስሙን ለውጠን ልቡን አስቀርተናልና።

የመመርመሪያ ጥያቄዎች

1. የኮይፊና የድንቢጧን ነገር የተናገረው መኰንን ምክንያት በምን ይለያያል?
2. ሬድዋልድ ሁለት መሠዊያ ያቆመው ለምንድር ነው? በእኛ ዘመንስ ይህን የሚመስል ምን አለ?
3. ከካርሎስ ሰይፍና ከዳንኤል ምክር የትኛው ጸንቶ የሚኖር ፍሬ ያፈራል? ምክንያቱን ተናገር።
4. አምላክን ለትርፍ ማገልገልና ስለ እውነት ማገልገል የሚታወቁት በምን ቀን ነው?